ከገዛ ዳሌው የተቀዳ መቅኔ

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ ውሃ መሙላት ነበር። በእኛ ሰፈር የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው። እኔ ጎማውን ይዤ ቆምኩ፤ እሱ ጄሪካኖቹን ወደ ጓሮ ያመላልሳል። በሁለት እጁ ይዞ ደረጃዋን ሲወርድ ግራ እግሩን ትንሽ ወደ ውጭ ይጥላት ነበር።

«ኧረ ሞላ! ምን እያየሽ ነው?» አለኝ።

ጄሪካኑ ሞልቶ ጫማዬ ላይ ይፈሳል። እግሩን እያየሁ ነበር፤ ግን አልነገርኩትም። በሦስተኛው ቀን ቢሮው ውስጥ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ።

ካረፈ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። በቀን ከግማሽ ገጽ በላይ መጻፍ አልችልም። ስለዚያ እግር መጻፍ የፈለግሁት፣ እሱን ሳስብ ከሐዘኑ ምስጋናው ስለሚቀድምብኝ ነው።

ባለቤቴ ቀያሽ ነበር። ጅጅጋ ሲመደብ እኔም አስተማሪ ሆኜ ተከተልኩት። ቱሊ ጉሌድ በሉት አውበሬ፣ ሜትሩን ይዞ በእግሩ ያልረገጠው መሬት የለም። ሰው ሁሉ «ኢንጂነር» ይለዋል፤ እሱም «ቀያሽ ነኝ» ማለት ሰልችቶት ተወው። አንድ ቀን ከአውበሬ ሲመለስ መኪናው ተገለበጠና የግራ እግሩ ቅልጥም ተሰበረ።

ሆስፒታል ጀሶ አሰሩለት። በሦስተኛው ሳምንት አላስችል አለው፤ ያሳክካል፣ ያብጣል። ያን ጊዜ ማንም የሚያደርገውን አደረግን። ጀሶውን አስፈትተን ወጌሻ ጠራን። ያመጣችልን ጎረቤታችን ናት፤ ከድንበሯ ከተማ ከቶጎጫሌ ልብስ እያመጣች የምትነግድ ሶማሌ ሴት፣ ሶማሊኛም ያስተማረችኝ።

ወጌሻው እጃቸው የቀለለ፣ የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። ዓርብ ዓርብ ከስግደት በኋላ ይመጣሉ። ያሰሩበትን እንጨቶች ይፈታሉ፣ በቅቤ ያሻሉ፣ ከዚያ እግሩን ከላይና ከታች ይዘው ቀስ አድርገው ያነቃንቃሉ። መያዙንና አለመያዙን የሚያውቁት እንዲህ ነው። እኛ ፊታቸውን እያየን እንጠብቃለን። እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቁና መልሰው ያስራሉ። ዘጠኝ ወር እንዲህ ሄደ። የባለቤቴ እግር ጉልበት በሌለበት ቦታ ይታጠፍ ጀመር።

«አንተ ኢንጂነር፣» ትለዋለች ጎረቤታችን፣ «ስንቱን ከተማ በመስመር አገናኝተህ አንድ አጥንት ማገናኘት አቃተህ?»

እሱ ይስቃል። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ።

በመጨረሻ ሐረር ሄድን። የአጥንት ሐኪሙ ወጣት ነበር። ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ ብዙ አየው። አጥንቱ ሊይዝ ሲል በየሳምንቱ እየተነቃነቀ እንደተለያየ ነገረን። ቆዳው ስለቆሰለ ከፍቶ ብረት ማስገባት አስፈርቶታል፤ ቁስሉ ወደ አጥንቱ ከዘለቀ እግሩ ሊቆረጥ ይችላል። ይህን ሲል ባለቤቴ እጄን ሳይሆን የአልጋውን ብረት ያዘ።

«አንድ የምንሞክረው ነገር አለ፣» አለ ሐኪሙ። «ከዳሌዎ አጥንት መቅኔ በመርፌ እቀዳና ስብራቱ መሐል እወጋዋለሁ። መቅኔው ውስጥ ስቴም ሴል የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። ገና ምን እንደሚሆኑ ያልለየላቸው ናቸው። እዚያ ሲገቡ አጥንት ሊሠሩ ይችላሉ።»

«ገና ምደባ ያልወጣላቸው ናቸው በለኛ፣» አለ ባለቤቴ።

«እንደዚያ ይበሉት።»

«ጅጅጋ ተመደባችሁ ሲባሉ እንዳያለቅሱ ብቻ። እኔ አልቅሻለሁ።»

ሐኪሙ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ፊቱን አጠንክሮ «ቃል አልገባም» አለ።

ለጎረቤታችን ስልክ ደውዬ መቅኔ እንደሚወጋ ነገርኳት። በማግስቱ ጠዋት ከጅጅጋ ፌስታል አንጠልጥላ ከች አለች። የግመል ቅልጥም ነው፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ እንደ ልጅ ክንድ የሚረዝም።

«ኬላው ላይ ፈታሾቹ ልብስ የደበቅሁ መስሏቸው አስወረዱኝ፣» አለች። «አንዱ ከፍቶ አየና ‹ዛሬ ደግሞ አጥንት ነው የምትነግጂው?› አለኝ። ወላሂ፣ ሚኒባሱ ሁሉ ሳቀብኝ።» ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞረች። «ዶክተር፣ ከዚህ ቅዳ። ይህን የደከመ ሰው ለምን ትወጋዋለህ? ግመል ከእሱ ይበረታል።»

ሐኪሙ አልሳቀባትም። መቅኔው ከራሱ ከሰውየው ካልሆነ አካሉ እንደማይቀበለው አስረዳት። እሷ አጥንቱን፣ ቀጥሎ ባለቤቴን አየች። «እንግዲያው ይጠጣው» አለች። ዘመድ ቤት ቀቅላ መረቁን አመጣችለት፤ ጠጣው።

መርፌው ወፍራም ነበር። ማደንዘዣ ቢሰጡትም ሲስቡት ከውስጥ የሆነ ነገር አብሮ የሚነቀል ያህል እንደተሰማው ነገረኝ። የተቀዳው ነገር ደም ይመስላል። በራጅ እያዩ ስብራቱ ውስጥ አስገቡት፤ አዲስ ጀሶም አሰሩለት። ሥራው ለአንድ ሰዓት ትንሽ ቢቀረው ነው። ዘጠኝ ወር ለጠበቀ ሰው በጣም አጭር ነበር።

ወደ ጅጅጋ በተመለስን በመጀመሪያው ዓርብ ወጌሻው በራችን ላይ ቆሙ። ከሐኪሙ ይልቅ እሳቸውን ፈራሁ። ውሃ ሰጥቼ አስቀመጥኳቸውና፣ ሐኪሙ ጀሶው እንዳይነካ ማለቱን እንደምንም በሶማሊኛዬ ነገርኳቸው። ለምን እንደሆነም ነገርኳቸው።

ውሃውን ሳይጠጡ መሬት ላይ አኖሩት። ከዚያ «ስነካው ነው የሚለያየው?» አሉኝ።

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። ባለቤቴ ከአልጋው ሆኖ «አባቴ፣ ሁላችንም አላወቅንም» አላቸው።

ሽማግሌው መዳፋቸውን ጀሶው ላይ ሳይጫኑ አሳረፉና አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ይቀሩብናል ብዬ ነበር፤ አልቀሩም። በየዓርቡ መጥተው ከአልጋው አጠገብ ይቀመጣሉ። ሊጠይቅ የመጣ ሰው «ኧረ ትንሽ ላላ ይበል፣ ደም ይዘዋወር» ሲል ከዘራቸውን ያነሳሉ። «የማይነካ ነው!» እጃቸውን በመሰብሰብ የረዱንን ያህል ሌላ ሰው አልረዳንም።

በአራተኛው ወር ሐረር በተነሣው ራጅ ላይ ጉም የመሰለ ነጭ ነገር ታየ። ሐኪሙ በእስክርቢቶው ጫፍ እየተከተለ አሳየን። «ይህ አጥንት ነው» አለ። ባለቤቴ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ደግሞ አደረገው፤ ደግሞ አወለቀው።

ለሁሉም እንዲህ አይሆንም። አጠገቡ ተኝቶ የነበረ አንድ ሾፌር ተመሳሳይ ነገር ተደርጎለት አልያዘለትም። ይህን መርሳት ነውር ይመስለኛል። ለእኛ ግን ያዘ። በዓመቱ ምርኩዙን ጥሎ ቱሊ ጉሌድ ላይ መሬት ለካ። ስምንት ዓመት ሄደበት። ልጃችንን ሲድር በሁለት እግሩ ቆሞ እንግዳ ተቀበለ። ስምንት ዓመት ትንሽ ነው የሚሉኝ አሉ። ዘጠኝ ወር ዓርብን እየፈራ የኖረ ሰው ትንሽ አይለውም። ለሐኪሙም፣ ለሽማግሌውም፣ ያን አጥንት ተሸክማ ኬላ ላይ ለተሳቀባት ጎረቤቴም ምስጋናዬ አላለቀም።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ጅጅጋ ሆስፒታል የአጥንት ክፍል እሄዳለሁ፤ ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡት ሐኪሞች የሚሉትን፣ አማርኛ ለማያውቁ ሕመምተኞች በሶማሊኛ እነግራለሁ።