ከሞቀ ስልክህ ይነግርሃል

ሥራ በጀመርሁበት ቀን፣ ሐይቅ ከተማ፣ በዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ማቀዝቀዣ ክፍል የነበርነው አራት ነን፤ ሊቀመንበሯ እትዬ ዘሀራ፣ ዓሣ አጥማጁ ጋሽ ተፈራ፣ ከጂዳ ተመልሶ የክፍሉ ጠባቂ የሆነው አያ እንድሪስና እኔ።

አያ እንድሪስ በሩን ከፍቶ እጁን ቆሮሶ ከሚባለው ዓሣ መሐል ሰደደና ትንሽ ቆይቶ «ደህና ነው» አለ። ቅዝቃዜውን የሚለካው እንዲያ ነበር። እኔ ኮምፒውተር በራሴ የተማርሁ ነኝ፤ የተቀጠርሁት የክፍሉን ሙቀት የሚከታተል ፕሮግራም እንዳዋቅር ነበር። በር በተከፈተ ቁጥር ቅዝቃዜ እንደሚወጣ አስረዳሁትና «ከእንግዲህ አትክፈት፤ ከሞቀ ስልክህ ይነግርሃል» አልሁት።

ያዋቀርሁት ፕሮግራም ሙቀቱን ከቴርሞሜትሩ እየተቀበለ ይመዘግባል። ከልኩ ሲያልፍ ለአያ እንድሪስና ለእትዬ ዘሀራ ኢሜይል ይልካል። ፕሮግራሙ ራሱ ስህተት ቢያጋጥመው ደግሞ ለእኔ በኢሜይል ያሳውቃል። በሙከራው ቀን ስልኮቹ ጮኹ፤ እትዬ ዘሀራ መረቁኝ።

ቆይቶ የኢሜይል አገልግሎት ሰጪው ያልተመሰጠረ ግንኙነት እንደማይቀበል አስታወቀ። ማስታወቂያውን አንብቤዋለሁ። የይለፍ ቃላችንን በመንገድ ላይ ማንም እንዳያነበው ነውና ደግ ነው ብዬ አለፍሁት። የመመዝገቢያው ፕሮግራም ግን አሮጌ እትም ነበር፤ መልእክት የሚልክበት ክፍሉ መመስጠር አያውቅም። አዲሱ እትም ያውቃል። የሚሠራ ነገር አይነካም እያልሁ ሳላድሰው ቀረሁ።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ክፍሉ በዓሣ እንደተሞላ የማቀዝቀዣው ሞተር ሌሊት ተቃጠለ። መብራት አልጠፋም፤ ኔትወርክም ነበር። ጠዋት ስንደርስ ሽታው ውጭ ድረስ ወጥቶ ተቀበለን።

ጋሽ ተፈራ ጠባቂው ስልኩን አጥፍቶ ተኝቷል አሉ። እትዬ ዘሀራ በንዴት የራሳቸው ስልክም እንዳልጮኸ ሳያስተውሉ ቁልፉን አስረክቦ እንዲሄድ አዘዙት። አያ እንድሪስ ቁልፉን ሰጣቸውና ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋው።

«ወላሂ አልጮኸም። አንተ ታውቃለህ።»

እኔም ድምፁን ዘግቶት ይሆናል ብዬ ስልኩን ፈተሽሁ። አልዘጋውም።

ኮምፒውተሩን ከፈትሁ። ሙቀቱ ሲጨምር በትክክል ተመዝግቧል። አንድ መልእክት በእጄ ለመላክ ስሞክር የአገልግሎት ሰጪው ሰርቨር መጀመሪያ ግንኙነቱን መስጥር ብሎ መለሰኝ። ማስጠንቀቂያዎቹንም እንዲያ እያለ ሲመልሳቸው አድሯል። መላክ እንዳቃተው ለእኔ እንዲነግረኝ ያዘዝሁትም በዚያው በማይሄደው ኢሜይል ነበር።

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርሁ።

«እንግዲያ ታንኳው ሲሰጥም በታንኳው መጥተህ ንገረኝ ነዋ ያልኸው» አሉ ጋሽ ተፈራ።

ማንም አልሳቀም። እትዬ ዘሀራ ቁልፉን መለሱለት። አያ እንድሪስ አልተቆጣኝም።

«እኔስ እጄን አምን ነበር። አትክፈት ስትለኝ ተውሁት» አለ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ዓሣውን አብረን ቀበርን።

ፕሮግራሙን አደስሁ፣ ምስጠራውን አበራሁ፣ ኢሜይል መላክ ሲያቅተው በሩ ላይ የሚጮህ ደወል ሰቀልሁ። አያ እንድሪስ ዛሬም ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍቶ እጁን ይሰድዳል። ያን ጊዜ ፊቱን ላለማየት ሽቦ የማስተካክል እመስላለሁ።

በዚህ ሥራ ለምትገቡ፦ የመልእክት መንገድ መዘጋቱን የሚናገረው ሌላ መንገድ መሆን አለበት። የሰው እጅም ሥራውን የሚተካ ነገር ሳይረጋገጥ አይከለከልም።

እትዬ ዘሀራ፣ ጋሽ ተፈራ፣ አያ እንድሪስ፤ ያን ጠዋት አንገቴን ደፍቼ ስለነበር ያላየሁት ይኖራል። ከዚህ ታሪክ የጎደለውን ጨምሩበት።