ደጅ የቆመች አስተርጓሚ

ቤተ ክርስቲያን ላስተረጉም ሄጄ ውስጥ ሳልገባ የተመለስኩት ልጄን በወለድኩ በሰባ ስድስተኛው ቀን ነው። ማክሰኞ ነበር። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ የወለደች እናት እስከ ሰማንያ ቀን ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ በሰማንያኛው ቀን ልጅቷ ክርስትና ስትነሳ እናትየዋም አብራት ትገባለች። የእኛ ሰማንያ ቅዳሜ ይውላል። ችግሩ ክርስትና የምናነሳበት ቦታ አልነበረንም።

ማኅበራችን እዚህ እንግሊዝ አገር ኤድመንተን ውስጥ የሚቀድስበት የኪራይ አዳራሽ ጣሪያው ዝናብ ጠጥቶ ጠጥቶ አንድ ቀን ወረደና ተዘጋ። ባለቤቴ ሌሎቹን አጥቢያዎች በስልክ አዳረሰ፤ የዚያ ቅዳሜ ሁሉም ጋ ተይዟል። «ሳምንት ቢዘገይ ምን አለበት?» የሚለኝን ሰው ሁሉ በክፉ ዓይን አይ ነበር። ለዚህች ልጅ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄያለሁ፤ ስንት ሐኪም፣ ስንት ጠበል። ከእንግዲህ አንድ ቀን እንኳ መጠበቅ አልፈልግም ነበር።

በመጨረሻ ከቤታችን በአንድ አውቶቡስ የሚደረስ የመካከለኛው ዘመን የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜ ቅዳሜ ሊፈቀድልን እንደሚችል ሰማን። የቀረው ቄሳችን አይተውት እሺ ማለታቸው ነው። ቄሳችን ከአገር ቤት ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም፤ እንግሊዝኛቸው «ጉድ ሞርኒንግ»ና «ሶሪ» ነው፤ ሁለቱንም አውቶቡስ ላይ ይጨርሷቸዋል። ባለቤቴ መጋዘን ሥራ ላይ ስለነበር አስተርጓሚነቱ ለእኔ ደረሰ።

ቤተ ክርስቲያኑ ከሱፐርማርኬት ጀርባ ተደብቆ ቆሟል፤ ግድግዳው በባልጩት ድንጋይ የተገነባ፣ የደወል ቤቱ አጭርና ወፍራም። ከበሩ ፊት ጣሪያ ያላት፣ ግራና ቀኝ የድንጋይ መቀመጫ የተሠራላት ትንሽ መግቢያ አለች። በልቤ ደጀ ሰላም ብዬ ሰየምኳት። አስጎብኚያችን ሰማንያ ያለፋቸው ሴት ነበሩ፤ ክንድ የሚያክል ቁልፍ ይዘው ጠበቁን። ቄሱ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ዘው አሉ። አስጎብኚዋ የቄሱን ካልሲ አዩ፣ ቀጥለው የራሳቸውን ቦት ጫማ አዩ፣ ከነጫማቸው ተከተሏቸው።

እኔ ልጄን በጋሪዋ ይዤ ደጀ ሰላሟ ውስጥ ቀረሁ።

«ግቢ እንጂ፤ ውስጥ ይሞቃል» አሉኝ አስጎብኚዋ።

በበሩ የሚወጣው አየር የፍሪጅ አየር ነው። «እዚሁ ይሻለኛል» አልኳቸው። ጋሪው ያስቸገረኝ መስሏቸው ከጥግ የእንጨት መወጣጫ እየጎተቱ አመጡና ደፉ ላይ አነጠፉልኝ። «ይኸው!» አሉ እያለከለኩ። አመሰገንኳቸውና ንቅንቅ ሳልል ባለሁበት ቆምኩ። እንደዚያን ቀን ባለጌ መስዬ ታይቼ አላውቅም።

ጉብኝቱ በጩኸት ቀጠለ። አስጎብኚዋ በሩ ድረስ እየተመላለሱ ይነግሩኛል፤ እኔ ወደ ውስጥ እጮሃለሁ። ጅምሩ ያማረ ነበር። የጥምቀቱ ገንዳ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ነው። ቄሱ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ከተው ለኩትና «ሕፃን ይነከርበታል!» ብለው ፈገግ አሉ። መቅደሱ ወደ ምሥራቅ መሆኑንም በስልካቸው ቼክ አደረጉ። ቅዳሜ ታየችኝ።

ከዚያ አስጎብኚዋ መጥተው ግድግዳው ጥንታዊ ቢሆንም ጣሪያውና የወለሉ ሸክላ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን እንደታደሰ ነገሩኝ። አንገቴን ወደ ውስጥ አስግጌ፣ እግሬን ከደፉ መለስ አድርጌ፣ በሙሉ ድምፄ ተረጎምኩት፦

«አባታችን! ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት እዚህ ትልቅ ተሃድሶ ተካሂዷል!»

ቄሱ ቀጥ አሉ። ይህ ቃል ለሌላው ሰው እድሳት ነው፤ ለቄሳችን ግን ሃይማኖት ከውስጥ ሆነው ሊለውጡ ይፈልጋሉ የሚባሉ ሰዎች ስም ነው። አገር ቤት ሳሉ ከእነሱ ጋር ሲከራከሩ ነው ጸጉራቸው የሸበተው።

«እዚህም ደርሰዋል?» አሉ፣ መስቀላቸውን ከኪሳቸው እያወጡ።

«እድሳት! እድሳት ማለቴ ነው! የታደሰው ጣሪያው ነው፣ ሃይማኖቱ አይደለም!»

መስቀሉ ግን ወደ ኪስ አልተመለሰም። ቄሱ ከበሩ ትይዩ ያለው ግድግዳ ላይ አንድ ሥዕል ላይ ዓይናቸውን ተከሉ። ግዙፍ ሰው ሕፃን በትከሻው ተሸክሞ ወንዝ ይሻገራል፤ ግማሽ ፊቱ ጠፍቷል። እኔም ከቆምኩበት ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። አስጎብኚዋን ስጠይቃቸው፣ ሥዕሉ ኖራ ተለቅልቆበት ለዘመናት ተሸፍኖ እንደነበርና እነዚያ አዳሾች ኖራውን ፍቀው እንዳወጡት ነገሩኝ።

«ማነው ኖራ የለቀለቀበት?» አሉ ቄሱ።

አስጎብኚዋ መለሱልኝ። መልሱ ያው «ተሃድሶ» ነው፤ ያውም በዋናው ትርጉሙ። እንግሊዞች ሃይማኖታቸውን ሲለውጡ ሥዕሎቻቸውን በኖራ ሸፍነዋል። ግማሹን ብቻ ተረጎምኩ።

«መንግሥት ነው፣ አባታችን።»

«መንግሥት!» ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይህ በደንብ ገባቸው። ትንሽ ቆይተው ግን ዞር አሉ። «መንግሥት ብቻውን ነው?»

ልጄ ጋሪዋ ውስጥ ሆና አፍጥጣ ታየኛለች። ለክርስትናዋ ብዬ ቄስ ልዋሽ? «ሃይማኖቱም ያኔ ተለውጦ ነበር» አልኩ።

ቄሱ ቀስ ብለው ወጡ፤ የድንጋዩ መቀመጫ ላይ ተቀምጠው ግራ ጫማቸውን አጠለቁ። «እንግዲህ፣ እናስብበት» አሉ።

አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ «እናስብበት» ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እንባዬ መጣ። ልመልሰው ሞከርኩ፤ አልሆነም፤ እዚያው በሰው ደጅ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አስጎብኚዋ ደነገጡ። «መወጣጫው ነው?» አሉኝ።

ያኔ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፦ ሰማንያውን ቀን፣ ለምን እንደማልገባ፣ አሥራ አንዱን ዓመት። ይስቁብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ከቄሱ ትይዩ ባለው መቀመጫ ላይ ተቀመጡ።

«እናቴ እኔን ወልዳ እዚህ ቆማለች» አሉ ድንጋዩን መታ መታ እያደረጉ። «የያኔው ቄሳችን መጥቶ ጸሎት አድርሶ እስኪያስገባት። እስከዚያ አያቴ እንኳ ቤቷ አላስገባቻትም፤ ሻይ በመስኮት ነበር የምትሰጣት። ከእናቴ በፊት የነበሩት የዚህ ሰፈር ወላዶችም እንዲሁ። ሥዕሉን ከበሩ ትይዩ የሣሉትም ሳይገባ የሚያልፍ ሰው ሁሉ እንዲያየው ነው ይባላል።»

አፍንጫዬን እየጠረግሁ ተረጎምኩ። በዚያ ቀን የረባ ትርጉም የሠራሁት ይኼኔ ነው።

ቄሱ ቀኝ ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። «የማን እናት? የእሳቸው?»

«የእሳቸው፣ አባታችን።»

ወደ አሮጊቷ ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «ሃይማኖቱ ተለወጠ አልሽኝ እንጂ ደጁስ አልተለወጠም» አሉ። ጎንበስ ብለው ግራ ጫማቸውን መልሰው አወለቁ። «ቅዳሜ በጠዋት ውኃው ለብ ይበል። ንገሪያቸው።»

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ነጠላዬን ለብሼ፣ ልጄን ታቅፌ ደጀ ሰላሟ ውስጥ ቆምኩ። ጋሪውን ቤት ትቼዋለሁ፤ አስጎብኚዋ ግን ይህን አላወቁም፤ መወጣጫውን አንጥፈውት ነበር። እሳቸው ራሳቸው በወፍራም ቀይ የሱፍ ካልሲ ከበሩ ውስጥ ቆመዋል፤ ቦት ጫማቸው ከእኛ ሰዎች ጫማ ጋር ውጭ ተደርድሯል። ቄሱ ጸሎቱን ጨርሰው እጄን ያዙኝ። በመወጣጫው ላይ ተራመድኩና ገባሁ።

«ውስጥ አይሞቅም?» አሉኝ አስጎብኚዋ በሹክሹክታ።

እግሬ በሸክላው ወለል ላይ በድን ሆኗል፤ ትንፋሼ እንደ ጭስ ይታያል።

«ይሞቃል» አልኳቸው። አልዋሸሁም።