«ለጊዜው» የተባለው ቁልፍ

ሳንዳ መርዶውን የሰማችው ሰኞ ጠዋት ቢሮ እንደገባች፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ነው። የደወለችው የባልደረባዋ የፓንቴ ሚስት ዶይና ነበረች። «ቅዳሜ ከሰዓት አረፈ፤ ልቡ ነው። ቀብሩ ረቡዕ ነው» አለቻት። ሳንዳ «ነፍስ ይማር» ብላ ዘጋች።

ፓንቴ በሩማንያዋ ብራሾቭ ከተማ የደም ምርመራ ውጤት ለክሊኒኮች የሚያደርሰውን ትንሽ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቋል። ታናናሾቹ ሁሉ «ነያ ፓንቴ»፣ ጋሼ ፓንቴ እንደ ማለት፣ ይሉታል፤ ታላቅን በስሙ ብቻ መጥራት ነውር ነው። በየመስከረሙ ከዶይና ጋር ደበርጃንና ቃሪያ ጠብሶ በጠርሙስ ያሽጋል፤ በየጠርሙሱም ምን እንዳለበትና እስከ መቼ እንደሚበላ ጽፎ ይለጥፋል። ቶክኖቹን፣ ማለትም አንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው የሚገባባቸውን ቁልፎች፣ የሚይዘውም እንደዚሁ ነበር። ለአንዱ ማንበብ ብቻ፣ ለሌላው መጨመር ብቻ ይፈቅዳል፤ ሁሉም የሚያበቃበት ቀን አለው።

«ነያ ፓንቴ፣ እኔን እንደ ሌባ ነው የምታየኝ?» ይለው ነበር ዩስቲን፣ ከሠራተኞቹ አዲሱ።

«ኮምፒውተርህን ነው የምጠረጥረው» ይላል ፓንቴ። «አንተንም ትንሽ።»

ሟቹ ወደ ኮምፒውተሮቹ የሚገባበት መለያ፣ በስሙ ከወጡት ቁልፎች ጋር፣ እኩለ ቀን ላይ እንዲዘጋ ተወሰነ። ሳንዳ ከዚያ በፊት የቁልፎቹን ዝርዝር ከፈተች። አሥራ አራቱ እንደ ጠባዩ ጠባብ ነበሩ። አሥራ አምስተኛው ስሙ «ለጊዜው» ነው። ማንበብ፣ መቀየር፣ መሰረዝ፣ ሁሉ ተፈቅዶለታል፤ ማብቂያ ቀን የለውም። ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው ደግሞ ዛሬ ንጋት ላይ ነው።

ሰውየው የሞተው ቅዳሜ ነው።

ይህን ቁልፍ የያዘ ሰው የአርባ ሺህ በሽተኞችን ውጤት ባንዴ ሊያጠፋ ይችላል። ወዲያው ዩስቲን ትዝ አላት። ባለፈው ወር ሰፊ ፈቃድ ጠይቆ ፓንቴ ከልክሎታል። አርብ ዕለት ደግሞ በፓንቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ አይታዋለች።

«አርብ እዚያ ወንበር ላይ ምን ትሠራ ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

«ቻርጀር ተውሼ። ምነው?»

«በነያ ፓንቴ ስም የሚገባ ሰው አለ።»

«ዓይንሽም እኔ ላይ አረፈ! በይ ኪሴን ፈትሺ።»

«አልቀለድኩም፣ ዩስቲን።»

«እኔም አልቀለድኩም። ሰውየው ገና አልተቀበረም፣ አንቺ ሌባ ፍለጋ ወጥተሻል። ይልቅ ከየትኛው ኮምፒውተር እንደተገባ እዪ።»

አየች። የገባው የመጠባበቂያ ቅጂ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ነው፤ በየንጋቱ ውጤቶቹን የሚገለብጠው ፕሮግራም። እሱን የጻፈችው ራሷ ናት።

ያኔ ትዝ አላት። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ የፋሲካ ዋዜማ ነበር። ፕሮግራሙ በሞከረችው ቁጥር «ፈቃድ የለህም» እያለ መለሳት። «ነያ ፓንቴ፣ በናትህ ሁሉንም ክፈትልኝ፤ ባቡሩ ሊያመልጠኝ ነው» አለችው። ፓንቴ አገጩን አሻሸ። «ለጊዜው ነው ታዲያ። ከበዓል ስትመለሺ ፈቃዱን ታጠብቢዋለሽ።» እሺ ብላ ሮጠች። ከበዓል በኋላ ሁለት ጊዜ አስታወሳት። ሁለቴም ነገ አለችው። ከዚያ ወዲያ አላነሳውም። ሰውን ሁሉ ሲጠረጥር የኖረው ሰው አንዴ ያመነው እሷን ነበር።

«የኔ ነው» አለች ሳንዳ። «ይቅርታ አድርግልኝ።»

ዩስቲን ቻርጀሩን ነቅሎ በፓንቴ ጠረጴዛ ላይ መለሰው። «እሱ ቢሆን አንቺንም ትንሽ ይጠረጥርሽ ነበር» አላት።

ለመገልበጫው ፕሮግራም ማንበብ ብቻ የሚችል፣ በሦስት ወር የሚያበቃ አዲስ ቁልፍ ሠራች። «ለጊዜው»ንም ከማንበብ በቀር ሌላውን ሁሉ ነሳችው። መለያው ግን በዕለቱ አልተዘጋም፤ የቁልፉን መዝገብ ወደ ኋላ ስታገላብጥ በየወሩ መጀመሪያ ሌላም ኮምፒውተር በዚያው ቁልፍ ሲገባ አገኘች። ባንዴ ቢዘጋ የአንድ ክሊኒክ ውጤት ሊቋረጥ ይችላል።

ረቡዕ ፓንቴን ቀበሩት። ሳንዳ ዶይና የሰጠቻትን፣ ለሟች መታሰቢያ የሚቀርበውን ጣፋጭ ቅቅል ስንዴ በላች።

ያ ሁለተኛው ኮምፒውተር የማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። ቁልፉም አልተሰረዘም።