የእማየ የቃሪያ መደብ

ትናንት ጓሮየ ውስጥ አዲስ የተከልሁትን የቃሪያ ችግኝ ዙሪያውን የሩዝ ጭድ ጎዝጉዤ ውኃ ሳርከፈክፍበት፣ የእርጥቡ ጭድ ሽታ የወረታን ባጃጅና የጭነት መኪና ጩኸት ሁሉ አስረስቶ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ወደነበረው ቤታችን ይዞኝ ሄደ።

አራተኛ ክፍል ነበርሁ። ሩዙ ታጭዶና ተወቅቶ ጭዱ ተከምሯል፤ እማየ ጓሮውን መደብ መደብ አድርጋ ቃሪያ ተክላለች። አባየ ደግሞ ቆርጧል፦ የፎገራ ጥቁር አፈር ውኃ ከጠጣ ማታ የነቀሉት አረም ጧት በቅሎ ይገኛልና ልጅቱ ትምህርቷን ትታ ታርም። እኔ ሳለቅስ እማየ አላለቀሰችም። «መደቡን ጭድ አለብሰዋለሁ፤ ፀሐይ ካላየ አረሙ አይወጣም፤ ልጅቱ ትማር» አለችው። አባየ የላሞቹ መኖ መሬት ላይ ሊበተን መሆኑን ሲሰማ፣ የተዘረፈ ሰው ጩኸት ነው የጮኸው። «አንች ሴትዮ፣ ከብቶቹ ምን ሊበሉ ነው?» እያጉረመረመ ሦስት ሸክም ፈቀደ። «አንድ አረም ያየሁ እንደሆን ግን ከቤት ትቀራለች» አለ።

አረሙስ እውነትም ጠፋ። ነገር ግን ጭዱ በደንብ አልተወቃም ኖሮ፣ የሩዙ ዛላ ላይ የቀረው ፍሬ ውኃ ሲያገኝ ይበቅል ጀመር። ወይ ጉድ! የቃሪያ መደባችን የሩዝ ማሳ ሆኖ አረፈው።

ይህን ያወቅሁት መምህራችን ታመው ከትምህርት ቤት በጊዜ የተመለስሁ ቀን ነው። እማየ ተንበርክካ ጭዱን እየገለጠች የሩዙን ቡቃያ አንድ በአንድ ትነቅላለች፤ መልሳም እንዳልተነካ አድርጋ ታለብሰዋለች። ለካ እኔ ትምህርት ቤት፣ አባየ ማሳ ስንሆን ሥራዋ ይኸው ነው! ስታየኝ ደነገጠች።

«ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትይ!»

«እኔም ልንቀል» ብላት ተቆጣች። «ሂጅ አጥኝ! አንችን እዚህ ላንበረክክ ነው ይህን ሁሉ የምለፋ?»

ሄድሁ። አባየ ከማሳ ሲመለስ መደቡን አየት አድርጎ «ጭዱስ ደግ ነገር ነው» ሲል፣ እኔና እማየ ሳቃችን እንዳያመልጠን ፊታችንን እናዞር ነበር። ስምንተኛ ክፍልን እስክጨርስ ድረስ በየዓመቱ እንዲሁ ሆነ፤ አንድም ቀን ከትምህርት ቤት አልቀረሁ።

ተመረቅሁ፣ አስተማርሁ፣ ጡረታም ወጣሁ። የእማየ ጉልበት ግን እርጅና ሳይመጣባት እምቢ አላት። በዐቢይ ጾም ሰው ሁሉ ሲሰግድ እሷ የቤተ ክርስቲያኑን ምሰሶ ይዛ ቆማ ታለቅስ ነበር። ምነው ያን ቀን ደብተሬን ጥየ አንዲት መደብ እንኳ በነቀልሁላት! አይ እማየ! አንድ እሑድ ክንዷን ይዤ ከቅዳሴ ስንመለስ «ጉልበትሽን የጨረስሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር በይኝ» ልላት አፌ ላይ ደረሰ። ሌላ ቀን እነግራታለሁ ብየ ተውሁት። ሳልነግራት ሞተች።