አባቴ ያላጠበቃት ብሎን

ድሬዳዋ በምሠራበት ፋብሪካ የመብራት ፓኔል እንገጣጥማለን። የተሰጠችኝ ካቻቢቴ ብሎኑ ልኩ ላይ ሲደርስ «ቀጭ» ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ ብትጫኛትም አታጠብቅም። ቀጭ ባለች ቁጥር አባቴ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

ልጅ እያለሁ አምቦ ውስጥ መብራት የሚዘረጋ ሲፈለግ «ኦቦ ደቻሳን ጥሩ» ይባል ነበር። አባቴ ልኩን የሚያውቀው በእጁ ነው። «ኢንተላ ኮ» ይለኛል፣ ልጄ ሲል፤ «የላላ ያቃጥላል፣ የበዛ ይሰብራል። እንደ ሰላምታ ነው፤ የሰው እጅ አትጨፈልቂም፣ ለይስሙላም አትነኪም።» አጥብቆ የጨረሰው ብሎን ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ቀጭን መስመር ይሰመርበታል፤ ብሎኑ ከላላ መስመሩ ተሰብሮ ያስታውቃል። ማስመሩ የእኔ ሥራ ነበር። ጸሎተኛ ቤታችን የጥፍር ቀለም የገባው በዚህ በኩል ብቻ ነው። እናቴማ «ጥፍርሽ ላይ ባየው ወዮልሽ!» ትል ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ሆኜ አንድ ቅዳሜ ጊንጪ ይዞኝ ሄደ፤ አዴ ጫልቱ የሚባሉ ሴትዮ ወፍጮ ቤት አዲስ ፓኔል ሊገጥም። ደጅ የሰፈሩ ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ይጫወታሉ። «ሁሉም ላይ መስመር ሲኖር ትሄጃለሽ» አለኝ አባቴ። አንዲት ብሎን ስትቀር ሞተሩን እንዲያይላቸው አዴ ጫልቱ ጠሩት። «ይቺን ተያት፣ መጥቼ አጠብቃታለሁ» ብሎኝ ወጣ። ከደጅ አንዷ «አንቺ የአምቦዋ! ትመጫለሽ ወይስ ፈራሽ?» አለችኝ። ያልጠበቀችው ብሎን ላይ አሰመርኩና ሮጬ ወጣሁ። አባቴ ሲመለስ ሁሉም ላይ መስመር አየ፤ ያቺንም አጥብቋት የሄደ መሰለው፤ አመነኝና ክዳኑን ዘጋ።

ለገና እህል በሚጎርፍበት ሳምንት ፓኔሉ ነደደ። ሰው አልተጎዳም። ስንደርስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከዱቄቱ ጋር ይሸታል፤ አህዮች ጤፍ እንደተጫኑ ይመለሳሉ። አዴ ጫልቱ አልጮሁም። «ኦቦ ደቻሳ፣ እኔኮ የእርስዎን መስመር እንደ መሐላ ነበር የማየው» ብቻ አሉ። አባቴ የከሰለችውን ብሎን አየ፤ ቀጥሎ የገዛ እጁን ገልበጥ አድርጎ አየ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ጫማዬን አያለሁ።

ከዚያ ወዲያ እጁን ማመን ተወ። አንዱን ብሎን ሦስቴ አራቴ ይመለስበታል፤ እስኪላጥ ያጠብቀዋል፤ የሰው ብሬከር ይሰነጥቃል። «የኦቦ ደቻሳ እጅ ከበደ» ተባለ። ጠሪው እየሳሳ ሄደ፤ ኋላም የዕቃ ሳጥኑን አልጋ ስር ገፍቶ አጎቴ ሱቅ ተቀመጠ። ለእግዚአብሔር ስንቴ ተንበርክኬ ነግሬዋለሁ፤ ይቅር እንዳለኝም አምናለሁ። ለአባቴ ግን አልነገርኩትም።

ባለፈው ፋሲካ እንደ እኔዋ ያለች ካቻቢቴ ገዝቼ ላክሁለት። በስልክ እየተያየን አንድ አሮጌ ብሬከር ላይ ሞከራት። ቀጭ። ደገማት። ቀጭ። እንደ ልጅ ሳቀ። «ያኔ ይቺ ብትኖረኝ ኖሮ ኢንተላ ኮ፣ የአዴ ጫልቱ ወፍጮ ባልተቃጠለ!»

«አዎ አባዬ» አልኩት።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ፈርቼ ነው ብል ያስኬዳል። ዛሬ ግን ሃያ አራት ሞልቶኛል።