ኤርጎና የጎመኑ ዝንቦች

ኤርጎ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራው ዝንብ መቁጠር ነበር። ከጂንካ ወደ ቆላው ወርዶ ሰማያዊ የጨርቅ ወጥመድ ይሰቅላል፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ከብት የሚጨርሱትን የገንዲ ዝንቦች ወንድና ሴት ለይቶ ይመዘግባል። የገንዲ ዝንብ ሲያርፍ ክንፉን በክንፉ ላይ እንደ መቀስ ስለሚደርብ ገና ከሩቅ ያውቀዋል። የዲመካ ከብት አርቢዎች "የዝንቡ ሰውዬ" ይሉት ነበር። ስሙን ወዶታል።

እናም በመጋቢት፣ የበልጉ ዝናብ በጀመረ በሳምንቱ፣ ባለቤቱ መሰረት ከጓሮ "ኤርጎ! ና እስቲ፣ ይሄ ምን ዝንብ ነው?" ብላ ስትጣራ ተዝናንቶ ወጣ።

ባበበው ድንብላል ላይ ከሩዝ ፍሬ እምብዛም የማይበልጡ፣ ጀርባቸው ላይ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለባቸው ነፍሳት አየር ላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል። እጁን ሲያስጠጋ ፈቀቅ ይሉና እንደገና ይቆማሉ።

ጎረቤቱ ደገፋ ከአጥሩ ማዶ አንገቱን አስግጎ፣ "የንብ ጫጩት ናቸው፣ ጋሽ ኤርጎ" አለ።

"የንብ ልጅ ከቀፎ የሚወጣው አድጎ ነው።"

"ታዲያ ምንድን ናቸው?"

ኤርጎ አንዱን በብርጭቆ ይዞ በማጉያ መነጽር ክንፉን ቆጠረ፤ ሁለት። ንብም ተርብም አራት አራት ነው ያላቸው። እንግዲያው ዝንብ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን አንድ እርምጃ መሄድ አቃተው።

በማግስቱ ነገሩ ባሰ። መሰረት የጎመኑን ቅጠል ገልብጣ አሳየችው። የቅጠሉን ጭማቂ የሚመጥጡት፣ ክሽክሽ የሚባሉት ጥቃቅን ተባዮች እንደ አሸዋ ተነስንሰውበታል፤ በመሃላቸው እግር የሌላቸው አረንጓዴ ትሎች ይሳባሉ።

"የነዚያ ዝንቦች ልጆች ናቸው። ጎመኔን ሊጨርሱት ነው! ከደገፋ መርጫ ተውሰህ እርጭልኝ።"

መርጫውን አመጣ፤ መድኃኒቱን ግን ሳይበጠብጥ ቆመ። "የማላውቀውን ነገር አልገድልም" አላት።

"የምታውቀውን ስትገድል ኖረህ፣ የማታውቀውን ልታሳድግ ነው?"

ኤርጎ ሁለት ትሎች ከነቅጠላቸው በሁለት ጠርሙስ ከትቶ አፋቸውን በሻሽ አሰረ። ጠዋት በአንደኛው ቅጠል ላይ አርባ ክሽክሽ ነበር፤ ማታ አሥራ ሁለት ቀረ። ቅጠሉ ደግሞ አልተነከሰም። ሻሹ ተቀዶ እንደሆነ ፈተሸ፤ አልተቀደደም። ዓይኑን ሳይነቅል ሲጠብቅ፣ ትሉ አንዱን ክሽክሽ በአፉ አንጠልጥሎ መጠጠውና ባዶ ቆዳውን ጣለው።

"የጎመኔን ጠላት ይበላል ማለት ነው?" አለች መሰረት።

"ይመስላል።"

"ይመስላል ነው ወይስ ነው?"

"እንጃ።"

ትሎቹ ከጥቂት ቀን በኋላ የውሃ ጠብታ የመሰለ ደረቅ ቅርፊት ውስጥ ገቡ። በአሥረኛው ቀን ከአንደኛው ጠርሙስ ያ ባለ ቢጫ መስመር ዝንብ ወጣ። ኤርጎ እንደ ልጅ ፈነደቀ። በማግስቱ ከሁለተኛው የወጣው ግን ወገቡ የቀጠነ፣ እግሩ ቀላ ያለ ፍጡር ነበር። ክንፉን ሦስት ጊዜ ቆጠረ፤ አራት ነው።

"ጠርሙሱን ከፍተሻል?"

"እኔ? ምን አገባኝ!"

አንድ ዓይነት ትል እንዴት ሁለት ዓይነት ይወልዳል? ሃያ ስድስት ዓመት የሞላው መዝገብ ሁሉ ስህተት መስሎ ታየው። ጠርሙሶቹን በዘንቢል ይዞ ወደ ጂንካ ዩኒቨርሲቲ ሄደና ስለ ነፍሳት የምታስተምረውን መምህርት ሰብለን አገኛት።

ሰብለ አየችና ሳቀች። "ጋሽ ኤርጎ፣ አልተሳሳቱም። ይቺ ጥገኛ ተርብ ናት። እናቷ ትሉ ውስጥ እንቁላል ጥላበት፣ ከውስጥ በልታው ነው የወጣችው።"

"እንግዲያው ዝንቡ ወዳጅ፣ እሷ ጠላት?"

"ለጎመኑ እንደዚያ ነው።"

"የዝንቡስ ስም?"

"ወገኑን አውቃለሁ፤ አበባ ላይ ከሚያንዣብቡት ነው። የትኛው ዝርያ እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም።"

የተማረችው ሰው "አላውቅም" ስትል ኤርጎ ምን እንደሚሰማው ግራ ገባው፤ እፎይታም ነበረበት፣ ቅሬታም።

መርጫውን ለደገፋ መለሰ። ከጎመኑ ግማሽ ያህሉ ተረፈ፤ ለምን ግማሹ ብቻ እንደሆነ እስካሁን ማስረዳት አይችልም። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አዲስ ጠርሙስ ይዞ ሰብለ ዘንድ ይሄዳል። እስካሁን አሥራ አንድ ዓይነት ሰብስበው ስም ያገኙት ለሦስቱ ነው። ባለፈው ሰሞን ደገፋ በሽንኩርት መደቡ ላይ ጥቋቁር ነገር አይቶ፣ "ጋሽ ኤርጎ፣ ይሄስ ምንድን ነው?" ብሎ ጠራው።

"አላውቅም" አለ ኤርጎ፣ አጥሩን እየተሻገረ። "እስቲ ልየው።"