የአባቴን ዓይን ፍለጋ

ከጅማ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

የሄድኩት ለሽርሽር አልነበረም። አባቴ ከቴፒ ወጣ ብሎ ቡና ማሳው ውስጥ ብቻውን ይኖራል። በዋዜማው ጎረቤቱ እትዬ ወርቄ ደውለው፣ «አባትሽ ዓይኑ ጠፋ፤ ዛሬ ሦስት ቀኑ» እንዳሉኝ መስመሩ ተቆረጠ። ደጋግሜ ብደውል አልገባ አለ። እኔ ደግሞ እንኳን እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ፣ በደህናውም ቀን ቶሎ የምደነግጥ ሰው ነኝ።

የልብስ ስፌት ሱቄን ዘግቼ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የቆረጥኩት አንድ ነገር ነው፤ በግድም ቢሆን ጅማ አምጥቼ ላኖረው። ማሳውን ሳያይ ውሎ የማያድረውን ሰው ከአንድ ክፍል ቤቴ እንዴት እንደማስቀምጠው ግን አላውቅም ነበር። ከሁሉ ያቃጠለኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ «በዓሉ ይለፍና እመጣለሁ» እያልኩ መቅረቴ ነው።

ከቦንጋ እስከ ሚዛን

ከቦንጋ በኋላ መንገዱ ጫካ ለጫካ ይጠማዘዛል። አጠገቤ የተቀመጡት የኮረሪማ ነጋዴ ስተክዝ አይተው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። የአጎታቸው ልጅ በቀዶ ጥገና እንዳየ አጫወቱኝና ሸዋ ቤንች ላይ ሲወርዱ፣ «ሞራ ከሆነ ይነሳል ልጄ፣ አይዞሽ» አሉኝ። ሞራ ይሁንለት ብዬ ጸለይኩ። ለአባቴ ሞራ እመኛለሁ ብዬ መቼ አስቤ አውቃለሁ!

ሚዛን ላይ ያዘዝኩት ሽሮ አልዋጥ አለኝ። ዳቦና ስኳር ገዝቼ ወደ ቴፒ ቀጠልኩ። ቁልቁል በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፤ በየደጁ ሸራ ላይ ቀይ ቡና ተሰጥቷል። ቴፒ ላይ ባለሞተሩ ሁለት መቶ ብር ሲለኝ ሳልከራከር ከኋላው ወጣሁ። ራሱ ደንግጦ ዞሮ አየኝ።

አባቴ ደጅ፣ አሥር ሰዓት

አጥሩ በር ላይ ቆሟል። ገና ሃያ እርምጃ ሲቀረኝ፣ «ቀሚስሽን ጭቃ አስነካሽው» አለኝ።

ሮጬ ፊቱን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«አባዬ፣ ታያለህ?»

«ጭቃውን? አያለሁ እንጂ።»

ለካ የጠፋው መነጽሩ ነው። በቅርብ ያለ ነገር ለማየት እኔው የገዛሁለት መነጽር ነው፤ እሱ ግን መነጽር ብሎት አያውቅም፣ «ዓይኔ» ነው የሚለው። ያለ እሱ ስልኩ ላይ ቁጥሬን ማግኘት አቅቶት፣ «ዓይኔ ጠፋ በያት» ብሎ እትዬ ወርቄን ልኳል። እሳቸውም ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነገሩኝ። ሳቄም እንባዬም እኩል መጣ። ከዚያ ተናደድኩ፤ ልጅ ሳለሁ «ዓይኔ» የሚለው እኔን ነበር፣ ስሜን ለመነጽር ሰጠብኝ እኮ!

ያን ምሽት የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ እንደ ጉድ በላሁ። የቀኑ ሁሉ ረሃብ ያኔ ነው የመጣው።

በማግስቱ ጠዋት

ማሳው ገባን። ከዛፉ ሥር ቅጠሉን ሁሉ ገላልጦ ያን ሁሉ ቀን መሬት መሬቱን ሲፈልግ ከርሟል። የዚያን ዕለት ያደረገውን ከመጀመሪያው እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ረጅሙን የቡና ቅርንጫፍ በሜንጦ ስቦ አጎነበሰው፤ ቀዩን ከአረንጓዴው እየለየ ለቀመ፤ ላቡን ሊጠርግ መነጽሩን እንዳወለቀ ሁሉ እጁን ወደ ቅርንጫፉ ዘረጋና ... እዚያው አየር ላይ ቀረ።

«እንዲህ ቅርንጫፍ ላይ ነው ያንጠለጠልኩት» አለ ቀስ ብሎ።

ያን ዕለት ለቅሞ ሲጨርስ ቅርንጫፉን ለቆታል፤ ቅርንጫፉም መነጽሩን ይዞ ወደ ላይ ተመልሷል። ቀና ብዬ ብፈልግ፣ በቀጣዩ ዛፍ ላይ፣ ከራሳችን በላይ ጠል ለብሶ ተንጠልጥሏል። አርባ ዓመት ቡና የለቀመ ሰው እንዲህ ይሠራል? እሱም አፍሮ ሳቀ። ጅማ አመጣዋለሁ ያልኩትን በአፌም አላነሳሁት። ክር ገምጄ መነጽሩን አንገቱ ላይ አሰርኩለት።

ጅማ፣ ቤቴ

በሦስተኛው ቀን ስመለስ ትከሻዬ ቀሎኝ ነበር። የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ አባትን ለመጠየቅ ክፉ ወሬ አይጠበቅም። በየወሩ መጨረሻ ልሄድ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ቦርሳዬን ሳላራግፍ ስልኬ ጮኸ። ራሱ ነው የደወለው።

«ዓይኔ በደህና ገባ ወይ?»

ክው አልኩ። ይዤበት መጣሁ ብዬ ልብሱን አንድ በአንድ እያወጣሁ ቦርሳውን በረበርኩ። «አባዬ፣ የለም እኮ! አንገትህ ላይ አስሬልህ አልነበር?»

«መነጽሩማ አፍንጫዬ ላይ ነው» አለኝ።